የዶቃ መቁጠሪያ፦ በካናዳና በአሜሪካ የጠፉ የአገሬው ተወላጅ ሴቶች

ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ዊኒፔግ ወይም ቶሮንቶ የምትኖሩ ሁሉ ሜይ 5 ሲደርስ ሳታዩት አትቀሩም። በየዛፉና በየአጥሩ ባዶ ቀይ ቀሚስ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። በዚያው ሰሞን የሥራ ባልደረባ ደረት ላይ፣ የነርስ መታወቂያ ማንጠልጠያ ላይ ወይም የልጆች አስተማሪ ጆሮ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀይ ቀሚስ ብቅ ትላለች፤ በጥቃቅን ዶቃ የተሠራች። "ታምራለች፣ ከየት ገዛሻት?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ ግን ከሱቅ ስም በላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ያቺ ጌጥ ከምን ጉዳይ ጋር እንደተያያዘች፣ ጉዳዩ ለምን ይህን ያህል ዘመን እንደቆየ፣ ከሁሉም ነገር መካከል ደግሞ ዶቃ ለምን እንደተመረጠ ያስረዳል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምን ጉዳይ ነው?

የአገሬው ተወላጆች የምንላቸው አውሮፓውያን ሰሜን አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት በምድሪቱ ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦችና ዘሮቻቸው ናቸው። የካናዳ ሕገ መንግሥት በሦስት ወገን ያውቃቸዋል፦ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑይትና ሜቲስ። ኢኑይት የሰሜኑ በረዷማ ምድር ሰዎች ናቸው። ሜቲስ በፀጉራም ቆዳ ንግድ ዘመን ከአውሮፓውያን ነጋዴዎችና ከተወላጅ ሴቶች ተወልደው፣ በኋላ የራሳቸውን ቋንቋና ባህል ያበጁ ሕዝብ ናቸው። ፈርስት ኔሽንስ የቀሩትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ማኅበረሰቦች የሚያጠቃልል ስም ነው።

የእነዚህ ማኅበረሰቦች ሴቶችና ልጃገረዶች ከሕዝቡ ካላቸው ድርሻ ጋር በማይመጣጠን መጠን ይገደላሉ፣ ይጠፋሉ። የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ በ2014 ባወጣው ሪፖርት ከ1980 እስከ 2012 ድረስ 1,017 ተወላጅ ሴቶች እንደተገደሉ፣ ሌሎች 164 ደግሞ ጠፍተው የደረሱበት እንዳልታወቀ ገልጿል። በአገሪቱ ካሉት ሴቶች ተወላጆቹ 4.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከተገደሉት ሴቶች ግን 16 በመቶውን ይዘዋል። የካናዳ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በኋላ ያወጣው ስሌትም በተወላጅ ሴቶች ላይ የሚፈጸመው ግድያ በሌሎቹ ላይ ከሚፈጸመው ስድስት እጥፍ ገደማ መሆኑን ያሳያል።

ድንበሩን ተሻግሮ አሜሪካ ውስጥም ያው ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም በ2016 ያሳተመው ጥናት ከአምስት ተወላጅ ሴቶች ከአራት የሚበልጡት በዕድሜያቸው አንድ ዓይነት ጥቃት እንደደረሰባቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ የፆታ ጥቃት እንደደረሰባቸው አስቀምጧል።

ቁጥሩ ለምን በየቦታው ይለያያል?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የዶቃው ነገር የሚገባው ይህ ሲገባ ነውና።

የ2014ቱ የፖሊስ ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ካናዳ ውስጥ ስንት ተወላጅ ሴቶች እንደተገደሉ በአገር አቀፍ ደረጃ ቆጥሮ የተናገረ የመንግሥት አካል አልነበረም። ቆጠራውን የጀመሩት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። የካናዳ ተወላጅ ሴቶች ማኅበር ከ2005 እስከ 2010 ድረስ የጋዜጣ ቁርጥራጭ፣ የፍርድ ቤት ሰነድና የቤተሰብ ቃል እያጠራቀመ 582 ስም መዘገበ። በ2010 መንግሥት ለዚያ ሥራ የሚሰጠው ገንዘብ ቆመ፤ መዝገቡም እዚያው ላይ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ፖሊስ የተገደሉትንና የጠፉትን ደምሮ 1,181 አለ። በ2016 የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትሯ ቁጥሩ እስከ 4,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናገሩ። ከ582 እስከ 4,000፦ አንድ መንግሥት በገዛ ዜጎቹ ሞት ላይ ይህን ያህል የተራራቀ ቁጥር ይዞ ሲቀመጥ፣ ክፍተቱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ነው። በ2016 በፌዴራል ፖሊስ የመረጃ ቋት ውስጥ ስለጠፉ ተወላጅ ሴቶችና ልጃገረዶች የገቡት ሪፖርቶች 5,712 ነበሩ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የጠፉ ሰዎች መዝገብ ላይ የተመዘገቡት ግን 116 ብቻ። ይህን ያወጣው ሲያትል የሚገኘው የከተማ ተወላጆች ጤና ተቋም ነው። ተቋሙ በ71 ከተሞች ያሉ ፖሊሶችን መዝገባቸውን እንዲያሳዩት ጠየቀ። አንዳንዶቹ ክፍያ ጠየቁ፣ አንዳንዶቹ መዝገባቸው በዘር ለይቶ እንደማይፈልግ ነገሩት። የሲያትል ፖሊስ ድሮ ጥቁሮችን ለማመልከት ይጽፈው የነበረ አንድ ፊደል፣ ዛሬ ላይ "ተወላጅ" ተብሎ ሲነበብ ተገኘ። በሌላ ቦታ ደግሞ ተወላጇ ሴት በመልኳ ብቻ "ነጭ" ወይም "ሂስፓኒክ" ተብላ ተጽፋለች። በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ፣ ከሞተች በኋላ ደግሞ ሰነድ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ጠፋች ማለት ነው።

ለምን በእነሱ ላይ?

አንድ ምክንያት ብቻ የለም፤ የተደራረበ ነው።

የመጀመሪያው ድርብ የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ነው። የካናዳ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ከ150,000 በላይ ተወላጅ ልጆችን ከወላጅ ነጥቀው፣ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ከልክለው አሳደጉ። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ከተማሩት ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ብዙ ልጆች ተደብድበዋል፣ ተደፍረዋል፣ ሞተዋል። ከዚያ የወጣ ልጅ ወላጅ ሲሆን ያላየውን ወላጅነት ከየት ያመጣዋል?

ሁለተኛው ሕጉ ነው። "ኢንዲያን አክት" በሚባለው የካናዳ ሕግ መሠረት ተወላጇ ሴት ተወላጅ ያልሆነ ወንድ ካገባች ሕጋዊ ማንነቷን ታጣ ነበር፤ ወንዱ ግን ማንንም ቢያገባ አያጣም፣ እንዲያውም ሚስቱ ታገኝ ነበር። ማንነቷን ያጣች ሴት በማኅበረሰቧ መሬት ላይ የመኖር መብቷም አብሮ ይሄዳል። ትዳሩ ቢፈርስ መመለሻ የላትም። ይህ የተሻረው በ1985 ነው። ስንት ሴት በዚያ ምክንያት ከዘመድ ተለይታ በከተማ ጥግ እንደቀረች መገመት አያቅትም።

ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ቃል በቃል መንገድ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከፕሪንስ ጆርጅ እስከ ፕሪንስ ሩፐርት የሚዘረጋው ሀይዌይ 16፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው፣ "የእንባ ጎዳና" ተብሎ ይጠራል። በዳሩ ትናንሽ የተወላጆች መንደሮች አሉ፤ ሐኪም ቤቱና ገበያው ግን ሩቅ ከተማ ነው። መኪና የሌላት ልጅ መንገድ ዳር ቆማ ሊፍት ከመለመን ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ፖሊስ በዚያና በአቅራቢያው ባሉ ጎዳናዎች የተገደሉና የጠፉ ብሎ በአንድ መዝገብ የያዛቸው 18 ናቸው፤ የአካባቢው ተወላጆች ከ40 በላይ ናቸው ይላሉ። በ2006 የተደረገ ትልቅ ጉባኤ 33 ምክረ ሐሳብ ሲያቀርብ አንዱ አውቶቡስ ይመደብ የሚል ነበር። መስመሩን የሚሸፍነው የሕዝብ አውቶቡስ ሥራ የጀመረው በ2017 ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ ለአውቶቡስ!

አሜሪካ ላይ ደግሞ ለየት ያለ ችግር አለ፤ የዳኝነት ሥልጣን ጥያቄ። ሁለት ወረዳ የሚዋሰንበት ቦታ ላይ ከብት የተሰረቀበት ገበሬ አስቡ። እዚህ ሲያመለክት "ወንጀሉ የተፈጸመው ከማዶ ነው" ይሉታል፤ ከማዶ ሲሄድ "ሌባው የእኛ ሰው አይደለም" ብለው ይመልሱታል፤ ሌባው በመሐል ቤቱ ተቀምጧል። የተወላጆች መሬት ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚጠፋው ከብት አለመሆኑ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1978 የተወላጆች ፍርድ ቤቶች ተወላጅ ያልሆነን ሰው በወንጀል ሊዳኙ አይችሉም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ አንድ ነጭ ሰው እዚያው መንደር ውስጥ ተወላጅ ሚስቱን ቢደበድብ የመንደሩ ፖሊስ ይዞ ለፍርድ ሊያቀርበው አይችልም፤ የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ከመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት መጥቶ ካልከሰሰው በቀር። በ2013 ለቤት ውስጥ ጥቃት፣ በ2022 ደግሞ ለፆታ ጥቃትና ለሌሎችም ሥልጣኑ በከፊል ተመለሰላቸው።

"እርስ በርሳቸው አይደለም ወይ የሚገዳደሉት?" የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። የካናዳ ፖሊስ ሪፖርት አብዛኞቹ የተገደሉት በሚያውቁት ሰው እጅ መሆኑን ይገልጻል፤ ይህ ግን በየትኛውም አገር በሴቶች ግድያ የሚታይ ነገር ነው። የ2016ቱ የአሜሪካ ጥናት በበኩሉ ጥቃት ከደረሰባቸው ተወላጅ ሴቶች እጅግ የሚበዙት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተወላጅ ባልሆነ ሰው መጠቃታቸውን አስቀምጧል። ጥያቄውን በአንድ ቃል "አዎ" ወይም "አይደለም" ብሎ መመለስ አይቻልም።

ዶቃው ከየት መጣ?

የብርጭቆ ዶቃ የተወላጆቹ ፈጠራ አይደለም። ከቬኒስና ከቦሄሚያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ በመርከብ የመጣ የንግድ ዕቃ ነው፤ ወደ አፍሪካም በገፍ የተጫነው ከዚያው ነው። አውሮፓውያን ለፀጉራም ቆዳ መለወጫ አመጡት። ከዚያ በፊት ሴቶቹ የሚያጌጡት በዛጎል፣ በአጥንትና በቀለም በተነከረ የጃርት እሾህ ነበር። እጃቸው ቀድሞ የሠለጠነ ስለነበር አዲሱን ዕቃ ወዲያው የራሳቸው አደረጉት። በተለይ ሜቲስ በአበባ ጥለታቸው ከመታወቃቸው የተነሣ ጎረቤቶቻቸው "የአበባ ዶቃ ሰዎች" ይሏቸው ነበር።

ለሙያው ባዳ ለሆነ ሰው አሠራሩን ባጭሩ ልግለጸው። በብዛት የሚሠራባት ዶቃ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ የመጠን ቁጥሯ ከፍ ባለ መጠን ዶቃዋ ታንሳለች። ጨርቅ ወይም የለፋ ቆዳ ላይ ንድፉ ይሣላል። ሠሪዋ ሁለት መርፌ ትይዛለች። በአንዱ ክር ዶቃዎቹን ሰክታ በንድፉ መስመር ላይ ታስተኛቸዋለች፤ ሁለተኛው መርፌ ከሥር እየወጣ በየሁለት ወይም በየሦስት ዶቃው ክሩን ቆዳው ላይ ይሰፋዋል። መዳፍ የምታህል ቁራጭ በሙሉ ከተሸፈነች ከአንድ ሺህ በላይ ዶቃ ትበላለች። አንድ ስፌት ከላላ አበባው ይጎብጣል፣ ይፈታና እንደገና ይጀመራል። ሙስ የሚባለው ግዙፍ የአጋዘን ዝርያ ቆዳ በጭስ የሚለፋ ስለሆነ ሥራው ካለቀ ከዓመታት በኋላም የእሳት ሽታ አለው።

ከሥራው ጋር የሚሄድ ሥርዓትም አለ። ብዙ እናቶች "ተቆጥተሽ መርፌ አትያዢ" ይላሉ፤ በሥራው ላይ ያለው ስሜት ለባሹ ላይ ያርፋል ተብሎ ይታመናል። አንዳንዶች ደግሞ ሆን ብለው አንዲት ዶቃ ቀለሟን አሳስተው ያስገባሉ፤ ፍጹም ሥራ የፈጣሪ ብቻ ነው በሚል።

ይህ ሙያ ዝም ብሎ አልቆየም። ካናዳ ከ1885 እስከ 1951 ድረስ የተወላጆችን ታላላቅ ሥርዓቶች በሕግ ከልክላ ነበር። ለሥርዓቱ የሚለበሱት ልብሶች ሲወረሱና ሙዚየም ሲገቡ፣ ልጆቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲወሰዱ፣ ጥበቡን ከእናት ወደ ልጅ የሚያሻግረው ድልድይ ብዙ ቦታ ተሰበረ። እናም ዛሬ አንዲት ወጣት ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣ ዶቃ ስትሰካ የምታስቀጥለው ሊጠፋ ተፈርዶበት የነበረን ነገር ነው። ሴቶቹን ለማስታወስ ዶቃ የተመረጠው ለውበቱ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ያላለቀው ጫማ ምንድን ነው?

በ2012 ክሪስቲ ቤልኮርት የተባለች የሜቲስ ሠዓሊ በፌስቡክ አንድ ጥሪ አቀረበች። ሞካሲን የሚባለው የተወላጆች የቆዳ ጫማ ከላይ፣ ከእግሩ ጀርባ በላይ የሚያርፍ፣ በዶቃ የሚያጌጥ ቁራጭ አለው። ቤልኮርት የጠየቀችው ያንን ቁራጭ ብቻ ነው፤ ጥንድ ጥንዱን፣ ከሶሉ ጋር ሳይሰፋ። ጫማው እንዳላለቀ ሁሉ የሴቶቹም ሕይወት በጅምር ቀርቷል ለማለት ነው። ብዛቱን 600 ጥንድ አለች፤ ያኔ በሰፊው የሚጠቀሰው የሟቾችና የጠፉ ቁጥር ወደዚያ ይጠጋ ነበር።

የመጣላት ከ1,700 ጥንድ በላይ ነው።

ከላኩት መካከል ስመ ጥር የዶቃ ባለሙያዎች አሉ፤ ከዚያ በፊት መርፌ ይዘው የማያውቁ፣ ለዚህ ብለው የተማሩም አሉ። ወንዶች ሠርተዋል፣ ልጆች ሠርተዋል። ሰዎች በየማኅበረሰብ አዳራሹና በየወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ሠርተዋል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ስለ ጠፋች እህት ፊት ለፊት ተጠይቃ የማትናገር ሴት፣ ዓይኗ መርፌው ላይ ተተክሎ፣ እጇ ሥራ ይዞ ሳለ ትናገራለች። ቡና አፍልተን፣ ወይም ጥጥ እየፈተልን ያወራነውን ለሚያውቅ ይህ ብዙ ማስረዳት አያሻውም። አንዳንዱ ጥንድ ላይ የአንዲት ሴት ፊት አለ፣ አንዳንዱ ላይ አበባ፣ አንዳንዱ ላይ ስም። በኋላ 117 የልጆች ጥንዶች ተጨመሩ፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄደው ላልተመለሱ ልጆች።

"ከእህቶቻችን ጋር መራመድ" የተባለው ይህ መታሰቢያ በኦክቶበር 2013 ኤድመንተን ተከፍቶ እስከ 2019 ድረስ ከከተማ ከተማ ዞረ። ኤግዚቢሽን ለማለት ይከብዳል። ጎብኚው ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። በሚቃጠል ቅጠላ ቅጠል ጭስ ራሱን ያጥናል፤ ቁንጥር ትምባሆ ይሰጠዋል፣ በብዙ ተወላጆች ዘንድ ትምባሆ የጸሎት መባ ነውና። ወለሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ተዘርግቷል፣ ሴዳር የሚባለው ዛፍ ቅጠል ተነጥፏል፣ ጥንዶቹ በመንገዱ ዳርና ዳር ተደርድረዋል። እነሱ መሬት ላይ ናቸው፤ አንተ አጎንብሰህ ታያቸዋለህ። ፎቶ አይነሳም። የሚደረደሩበት ቅርጽ በየቦታው ይለያያል፤ የሚወስኑት የአካባቢው ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸው። ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

የመጨረሻው ሥርዓት የተፈጸመው ባቶሽ በምትባለው የሳስካችዋን መንደር ነው። በ1885 የሜቲስ ሕዝብ ከካናዳ ጦር ጋር ገጥሞ የተሸነፈባት ናት።

ሌሎችስ በዶቃ ምን ሠሩ?

ስታንዲንግ ሮክ በሚባለው የአሜሪካ ተወላጆች ይዞታ የተወለደው አርቲስት ካኑፓ ሃንስካ ሉገር በ2018 በሌላ መንገድ መጣ። ያንን "እስከ 4,000" የተባለውን ቁጥር ያዘ። በማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮ ለቀቀ፦ ከሸክላ ጭቃ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ድቡልቡል ሠርታችሁ፣ መሐሏን ብሱና ላኩልኝ። በካናዳና በአሜሪካ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሠርተው ላኩ። እሱም ተኮሳቸው፣ በቀለም ከነጣ እስከ ጠቆረ አድርጎ አዘጋጃቸው፣ በገመድ ሰክቶ እንደ መጋረጃ ሰቀላቸው። ጠጋ ብለህ ስታይ የሸክላ ኳስ ናቸው፣ የሠሪው የጣት አሻራ ያለባቸው። ራቅ ስትል አንዲት ተወላጅ ሴት ትመለከትሃለች፤ ፊቷ የተወሰደው ካሊ ስፒትዘር ካነሣችው ፎቶግራፍ ነው።

"4,000" ስንል አፋችን ላይ አንድ ሴኮንድ አይፈጅም። አንዷን ድቡልቡል የሠራ ሰው ግን ለአንዷ ተቀምጦላታል። በመዝገብ ያልተቆጠረው በእጅ ተቆጠረ፤ እኔ እንደሚገባኝ የእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

ያቺ ትንሽ ቀይ ቀሚስስ? ሥሯ ጄሚ ብላክ የተባለች የሜቲስ አርቲስት በ2010 ገደማ ዊኒፔግ ላይ የጀመረችው ባዶ ቀይ ቀሚሶችን በአደባባይ የመስቀል ሥራ ነው። በአንዳንድ ተወላጆች ትምህርት የሙታን መንፈስ የሚያየው ቀለም ቀይ ብቻ ነው፤ ቀሚሱ የጠፉትን ይጠራል ማለት ነው። የዶቃ ሠሪዎች ያንን ቀሚስ አሳንሰው በመርፌ ቁልፍና በጆሮ ጌጥ መልክ አወጡት፤ ዛሬ የዘመቻው መለያ ሆኗል።

ዶቃ ፍትሕ ያመጣል?

በራሱ አያመጣም። አንዳንድ ቤተሰቦች ይህንኑ ይናገራሉ፤ ባለሥልጣኑ ቀይ ቀሚሷን ደረቱ ላይ ሰክቶ ፎቶ ከተነሣ በኋላ የልጃቸው መዝገብ አቧራ እንደለበሰ ሲቀር ያበሳጫል። ዝም ያለ ቢሮ ደጃፍ ላይ የተጠራቀመ ጩኸት ግን አንድ ቀን በሩን ያስከፍታል።

ካናዳ በሴፕቴምበር 2016 ብሔራዊ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመች፤ ሰብሳቢዋ ዳኛ ማሪዮን ቡለር ነበሩ። ከ2,380 በላይ ሰዎች ተሳተፉ። ኮሚሽኑ የተቀበለው የአፍ ምስክርነት ብቻ አይደለም፤ 819 ሰዎች በጥበብ ሥራ ተሳትፈው ሥራቸው በኮሚሽኑ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ጥልፍና ሥዕል እንደ ምስክርነት የገባበት የመንግሥት ምርመራ ብዙ አላውቅም። በጁን 2019 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት 231 የፍትሕ ጥሪዎችን ዘርዝሮ፣ የሆነውን ነገር "የዘር ማጥፋት" ብሎ ጠራው። ቃሉ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ኮሚሽኑ ትክክለኛውን ቁጥር ማንም እንደማያውቀውም በግልጽ አስቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ጥሪዎቹ በአዝጋሚ ሁኔታ እየተፈጸሙ ነው የሚለው ወቀሳ አልቆመም። አሜሪካም በ2020 ሁለት ሕጎች አወጣች፤ አንዱ በ2017 ፋርጎ ከተማ በተገደለች ነፍሰ ጡር ወጣት ስም "የሳቫና ሕግ" ይባላል፤ ፖሊሶች የጠፉ ተወላጆችን እንዴት መመዝገብና መረጃ መለዋወጥ እንዳለባቸው ይደነግጋል።

የዊኒፔግ ጉዳይ ደግሞ ገና ትኩስ ነው። በ2022 አንድ ሰው አራት ተወላጅ ሴቶችን ገድሎ አስከሬናቸውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለ፤ በ2024 ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። የሁለቱ አስከሬን ከከተማ ውጭ ባለ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳለ ፖሊስ ያምን ነበር፤ ግን መፈለጉ አይቻልም አለ። ቤተሰቦቹ ድንኳን ተከሉ፣ መንገድ ዘጉ፣ ቀይ ቀሚስ ሰቀሉ። ዊኒፔግ የምትገኝበት የማኒቶባ ክፍለ ሀገር የ2023 ምርጫ ያ ቆሻሻ ይፈተሽ አይፈተሽ በሚለው ላይ ጭምር ተካሄደ። ያሸነፉት ዋብ ኪኑ የአንድ ክፍለ ሀገር ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ የመጀመሪያው የፈርስት ኔሽንስ ተወላጅ ናቸው፤ ፍለጋው ተጀመረ፣ በ2025 መጀመሪያ ሁለቱም ሴቶች ተገኙ። የአራተኛዋ ማንነት ለረጅም ጊዜ ስላልታወቀ ሽማግሌዎቹና እናቶቹ "ጎሽ ሴት" የሚል ስም በቋንቋቸው አውጥተውላት ነበር። በ2025 በዘረመል ምርመራ ትክክለኛ ስሟ ታወቀ።

ሌላ ሰው ጌጧን ማድረግ ይችላል?

ይችላል፤ አብዛኞቹ ሠሪዎች የሚሸጡትም ለሁሉም ነው። ቀይ ቀሚሷ የሥርዓት ልብስ ስላልሆነች ማንም ቢያደርጋት ነውር የለውም። እንደ ንስር ላባና እንደ ሥርዓት ልብስ ያሉት ግን ለጌጥ የሚደረጉ አይደሉም።

የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከማን ነው የምገዛው የሚል ነው። በማሽን የተመረተ አስመሳይ በኢንተርኔት ሞልቷል። አሜሪካ ውስጥ የተወላጅ ሥራ ያልሆነን የተወላጅ ሥራ ነው ብሎ መሸጥ በ1990 በወጣ ሕግ ወንጀል ነው። ሠሪዋን በስም የሚጠቅስ፣ ከየትኛው ማኅበረሰብ እንደሆነች የሚናገር ሻጭ ይሻላል። ዋጋው ከተወደደባችሁ ያንን የሁለት መርፌ ሥራ አስታውሱ፤ አንድ ጥንድ የጆሮ ጌጥ የሰዓታት ጉልበት ነው። ከሽያጩ ለቤተሰቦች ወይም ለሴቶች መጠለያ የሚሰጡ ሠሪዎች አሉ፤ ለየትኛው እንደሚሰጡ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ደስ ብሏቸው ይነግሯችኋል። እናንተንም ሥራ ቦታ "ይህቺ ምንድን ናት?" የሚል ሰው ይኖራል፤ የምትመልሱት ነገር ቢኖራችሁ ጥሩ ነው።